ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ኮሽም

ባለፈው ሰሞን ጉደር ካምፓስ የሚማረው የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የኮሽም ማርማላታ በብልቃጥ ይዞልኝ መጣ። ተማሪዎቹ ራሳቸው የሠሩት ነው። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬ ላይ አልቆመም፤ መንጋጋዬን ነው ጨምድዶ የያዘኝ። ኮሽም የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ገና ሳይቀምሱት ከጆሮ ሥር ያለው ቦታ ይኮማተራል፣ አፍ ምራቅ ይሞላል፣ ዓይን ሳይታዘዝ ይጨፈናል። ልጁ ሳቀብኝ። "አክስቴ፣ ስኳር አለው እኮ፣ ቅመሺው" አለኝ። ቀመስኩት። እውነትም ስኳር ነው፤ ስኳር ብቻ። ልጅ ሲለፋ ደስ ስለሚል "ጎበዝ፣ ጥሩ ነው" አልኩት። እሱ ግን በዚህ አላበቃም። ከአጥር ኮሽሞች መሃል ጣፋጮቹን እየቀመሱ ለይቶ ማባዛት የሚባል ሐሳብ እንዳላቸው፣ ይህንንም እስከ ዛሬ ማንም እንዳልሞከረው በኩራት ነገረኝ። ማንም አልሞከረውም! ሻዩን ቀድቼለት ዝም አልኩ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ይኸው ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

የዛሬዋን አምቦ የሚያይ ሰው የከተማዋ አጥር በሙሉ ይበላ እንደነበር ቢነግሩት አያምንም። ዛሬ አጥር ማለት ብሎኬት ነው፤ ከላዩ የጠርሙስ ስባሪ ይሰካበታል። ያን ጊዜ ግን ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ጀምሮ እስከ ጉደር መውጫ፣ ግቢው ሁሉ በኮሽም የታጠረ ነበር። ሀብታሙ ኮሽሙን በመቀስ አስተካክሎ እንደ ሙሽራ ጎፈሬ ያበጥረዋል፤ ድሃው እንደፈለገው እንዲያድግ ይተወዋል፤ እሾሁ ግን የሁለቱንም ግቢ እኩል ይጠብቃል። በመሃል በመሃሉ አጋም ይኖራል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ደግሞ ቀጋ። ዝናቡ እያባራ ሲመጣ ኮሽሙ ወርቅማ ይሆናል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሰማያዊ ቀሚሳችን እሾህ እየያዘው፣ ሸራ ጫማችን ጭቃ ጠጥቶ፣ ከአጥር አጥር እየተሻማን እንለቅም ነበር። ገበያ ላይ አንድ ጣሳ ኮሽም በአሥር ሳንቲም ይሸጣል፤ ገዢው ግን ጥቂት ነው፤ እንኳን በገንዘብ በነፃም አብዛኛው ሰው ፊቱን ሳያጨማድድ አይበላውም።

አባቴ ኦቦ ቶሎሳ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ሰዉም በአክብሮትም በቀልድም "ዶክተር" ይለዋል። ካኪ ሱሪ፣ አንገቱ ድረስ የሚቆለፍ ነጭ ጋዋን፣ በጎማ የተሠራ ወፍራም ጫማ፤ ከዚህ ሌላ ልብስ ለብሶ ያየሁት በሠርግ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የየራሱ አመል አለው፣ የእሱ ደግሞ ኮሽም መቅመስ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ድዳቸው እየደማ ወደ እሱ ከሚመጡ የገጠር ልጆች ነው። ኮሽም እንደሚበጃቸው ያውቃል፤ ልጆቹ ግን ቀምሰው ይተፉታል። ስኳር እንዳይጨመርበት፣ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው፣ እሱም ሲገኝ። ስለዚህ ያለ ስኳር የሚበላ ኮሽም መፈለግ ያዘ። "የኮሽም ልጅ እናቱን አይመስልም" ይለኝ ነበር። ከዘር የበቀለ አጥር ስለሆነ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ የየራሱ ጣዕም አለው፤ አንዱ ምላስ የሚልጥ፣ ጎረቤቱ ለዘብ ያለ፣ ሌላው ወንዴ ሆኖ ጭራሽ የማያፈራ። ከሺህ አንዱ ደግሞ ጣፋጭ ይሆናል ብሎ ያምናል። እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። "ሁለት ምላስ ካንድ ይሻላል" እያለ ከሥራ ሲወጣ ይዞኝ ይዞራል። የአጥሩን ባለቤት እናስፈቅዳለን፣ አንድ እሱ አንድ እኔ እንቀምሳለን፣ አፋችንን በአምቦ ውሃ ተጉመጥምጠን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ሰው በመስኮት እያየ ይስቃል። "አጥር ቀማሽ" የሚል ስም ወጥቶለት ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ፍሬው ካለቀ በኋላ ኮሽም ሁሉ አንድ ነው፤ ቅጠሉን አይተህ ጣዕሙን አታውቅም። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ አፈር አልብሶ ሥር የማስያዙ ሥራ ደግሞ ክረምት ነው። ስለዚህ አባቴ ምልክት ያስር ነበር። ከእናቴ አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ለኮምጣጣው፣ ከፋሻ ጥቅል የተረፈች ነጭ ቁራጭ ለጣፋጩ። ከተማዋ በቀይ ተሞላች፤ ነጭ የታሰረባቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ነጭ ባሰርን ቀን አባቴ መንገድ ላይ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ እንደገና ትዝ ሲለው ደግሞ ዝም ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ቆይቷል፤ ሰው በየቤቱ ተደብቆ ነበር የሚጸልየው፤ ጴንጤ መሆን ብቻውን ያስጠረጥር ነበር።

ስለዚያ የደርግ ዘመን ብዙ ተብሏል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። እኔ የማስታውሰው ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው ከሲኒማ የሚወጡ ጎረምሶች ቀስ በቀስ ከመንገዱ መጥፋታቸውን ነው። የመጠጥ ቤቶቹ ሸክላ ዝም አለ፣ ሬዲዮው የሰልፍ ዘፈን ብቻ ሆነ። ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳን ግራ ቀኙን ያይ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኦቦ በዳዳ ይባላል፤ ከዚያ በፊት የጋሪ ባለቤት ነበር፣ ፈረስ ረግጦት አባቴ እግሩን ያከመው ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን አይተነው መንገድ እንቀይር ነበር። ከእኛ በታች የምትኖረው የሽንኩርት ነጋዴዋ አዴ ዲንቄ አንድ ልጅ ነበራት። እሱን ከቤቱ አስወጥቶ የወሰደው በዳዳ ነው። ልጁ አልተመለሰም።

የገበያ ቀን ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሁሉቃ ስወርድ የልብስ ሰፊዋ የእታፈራሁ አጥር ጋ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። እታፈራሁ ከአዲስ ዓለም መጥታ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖር የነበረች ሴት ናት፤ ወንድሟ ግን ከጠፋ ሰንብቷል። መንገዱ ዳር ላንድሮቨር ቆሟል። አባቴን በጋዋኑ እንዳለ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሃል አየሁት። ደብተሬን ለጓደኛዬ ትቼ ሰዉን እየገፋሁ ገባሁ።

ከፊቱ የቆመው ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ ነው። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ በአንድ እጁ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይዞ ሆዱን ያሻል። ጨጓራ እንዳለበት ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

"እስቲ እንደገና ንገረኝ" ይላል አባቴን። "ነጩ ምንድን ነው ያልከኝ?"

"ጣፋጭ ኮሽም ነው ጓድ። ቀዩ ኮምጣጣ ነው።"

"እኔ ደግሞ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ቤት ለፀረ አብዮት መጠለያ ነው የሚል ጥቆማ ነው የደረሰኝ። የቱን ልመን?"

አባቴ ሁሉንም አስረዳው፤ የልጆቹን ድድ፣ ስኳሩን፣ ቅርንጫፍ ማጎንበሱን። ካድሬው በትዕግሥት ሰማው። ትዕግሥቱ ከቁጣ ይልቅ ያስፈራል። ከጠዋት ጀምረው ነጭ የታሰረባቸውን አጥሮች ሲዞሩ ውለዋል፤ ጠባቂዎቹ ምላሳቸው እስኪደነዝዝ እየቀመሱ ሁሉም ለዘብ ያሉ ሆነው ተገኝተዋል። የቀረው ይኼ ነው። "እስካሁን አልዋሸህም" አለው። "ይኼኛውም ከጣፈጠ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ካልጣፈጠ ግን ይህን ጨርቅ ማን ለማን እንዳሰረው ከእኔ ጋር ሄደህ ትነግረኛለህ።"

ከእሱ ጋር የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

ያኔ ነው ቁጥቋጦውን ያየሁት። ያን ኮሽም አውቀዋለሁ። በዚያው ሰሞን ከአባቴ ጋር ቀምሰነዋል፤ ከቀመስናቸው ሁሉ የከፋው እሱ ነበር። አባቴ "ይኼስ ኮሽም አይደለም፣ የባትሪ ውሃ ነው" ብሎ እየሳቀ በገዛ እጁ ቀይ አስሮበታል። አሁን ቀዩ የለም። የታሰረው ነጭ ነው፣ ደግሞም ፋሻ አይደለም፤ እታፈራሁ የምትሰፋው አቡጀዲ ነው። ወደ ቤቷ አየሁ። መስኮቱ ተዘግቷል። በገበያ ቀን የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ነው የሚውለው፣ ያን ቀን ግን ድምፅ የለም። አባቴም ጨርቁን አየ፣ ቋጠሮውን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን አየ። እኔ የተረዳሁትን ሁሉ እሱም እንደተረዳ ከፊቱ አነበብኩ። "ይኼ የእኔ አይደለም" ቢል እውነት ነው፤ እሱ ነፃ ይወጣል፣ እታፈራሁ ግን ትወሰዳለች። አባቴ ደግሞ በእኔ ዕድሜ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም፤ በውሸት ምክንያት ነበር እኔንም የሚገርፈኝ።

እጁን በእሾሁ መሃል አሳልፎ አንድ ፍሬ ቀጠፈ። ሳይቸኩል አኘከ። ዋጠ። ጉሮሮው ላይ ያለችው አጥንት ወጥታ ስትወርድ አየኋት።

"ጣፋጭ ነው" አለ። "እኔ ነኝ ያሰርኩት።"

"አንተማ ምን ልትል?" አለ ካድሬው። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። "ይቺ ማን ናት? እንዲህ የምትንቀጠቀጠው?"

"ልጄ ናት።"

"ትቅመስ።"

ፍሬውን ከአባቴ እጅ ነው የተቀበልኩት። አፌ ውስጥ ስሰብረው እሳት ነው የመሰለኝ፤ ጥርሴ ከሥሩ ደነዘዘ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ዓይኔ ሊጨፈን ሲል የአባቴን ዓይን አየሁና በግድ ከፍቼ ያዝኩት። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ፤ የእኔ አፍ አንዴ ቢኮማተር አባቴ አበቃለት ማለት ነው። "ጣፋጭ ነው" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

"የአንድ ቤት ሰው" አለና ካድሬው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። "ማንንም የማይዛመድ ሰው አምጡልኝ። አንቺ እናት፣ ነይ እስቲ።"

አዴ ዲንቄ ነበረች። የሽንኩርት ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ መጣች። ለምን እንደተጠራች የገባት አልመሰለኝም። ጠባቂው ሰጣት፣ አፏ ውስጥ ከተተችው። አንዴ እንዳኘከች ቀና ብላ አባቴን አየችው። ከዚያ ማኘኳን ቀጠለች፤ ቀስ እያለች፣ እስከ መጨረሻው።

"ሚኣዋ" አለች።

"ምን አለች?" ካድሬው ኦሮምኛ አይሰማም።

"ጣፋጭ ነው ነው ያለችው" አለ ጠባቂው።

"ታዲያ ጣፋጭ ከሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?"

እንባዋ በሁለቱም ጉንጮቿ ይወርድ ነበር። አልጠረገችውም። ካድሬውን አይደለም ያየችው፤ ከኋላው የቆመውን በዳዳን ነው።

"ልጄ ይወደው ነበር" አለች በአማርኛ።

ካድሬው ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ግን አንድ ነገር እንዳመለጠው ሸቶታል። ጠርሙሱን ወደ አፉ አስጠጋ፣ ተወው። ራሱ ቢቀምስ ነገሩ ያን ጊዜ ያልቅ ነበር፤ ግን ጨጓራው ኮምጣጣም ይሁን ጣፋጭ ኮሽም የሚባል አያስነካውም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው። ዞረና "ጓድ ሊቀመንበር፣ አንተ የአገሩ ሰው ነህ። ቅመስና ፍረድ" አለው።

በዳዳ ጠብመንጃውን ወደ ትከሻው ገፍቶ ወደ አጥሩ ተጠጋ። ፍሬውን የቀጠፈው ራሱ ነው፤ ጨርቁ ከታሰረበት ቅርንጫፍ። ሰው ሁሉ እጁን ይከተላል። ይህ ሰው ለማንም አዝኖ አያውቅም። ለእውነቱ ሽልማት አለው፣ ለውሸቱ ደግሞ አንገቱ ይሄዳል። ፍሬውን ጎረሰው። የመንጋጋው ጡንቻ ሲወጠር፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲያብጥ አየሁ። ግንባሩ ላብ አወጣ። አባቴ አላየውም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያየው፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እየጸለየ እንደሆነ አወቅኩ።

"ጣፋጭ ነው" አለ በዳዳ። "እንዲያውም እንዲህ ያለ ኮሽም በልቼ አላውቅም። ሰውዬው አጥር ቀማሽ ነው፣ ከተማው ያውቀዋል። ልቀቁት።"

ካድሬው እያንዳንዳችንን አየን። ከዚያ እንደ መሰልቸት አለውና ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባ። መኪናዋ አቀበቱን ጨርሳ እስክትታጠፍ ድረስ የቀመስነው ሁሉ አፋችንን ዘግተን ቆመን ነበር። ማንም አልተፋም። ሆድ ይፍጀው ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

በዳዳ ግን አልሄደም። ወደ እታፈራሁ ዝግ መስኮት ዞሮ፣ ለጠባቂዎቹ እንደሚናገር ሰው፣ መንገዱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ "ነገ ጠዋት የዚህን ሰፈር ቤቶች አንድ በአንድ እንፈትሻለን! ዛሬ ገበያ ነው፣ ሰዉን አታውኩ!" አለ። ከዚያ ነጩን ጨርቅ በጣጥሶ ኪሱ ከተተና ማንንም ሳያይ ወረደ። በማግሥቱ ሲፈትሹ ቤቱ ባዶ ነበር። የስፌት መኪናዋ እንኳን እንዳለች ተገኘች። በኋላ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንደሰማነው፣ የሚፈለገው ወንድሟ ኮርኒስ ውስጥ ነበር። ለጓደኞቹ ቤቱ ሰላም መሆኑን ለማሳየት ነጭ ያሰረችው እሷ ናት፤ ከኦቦ ቶሎሳ ጨርቆች መሃል አንድ ቢጨመር ማን ያስተውላል ብላ። ሁለቱም ተርፈዋል።

አባቴ ለብዙ ቀን ትኩስ ነገር አፉ አልገባም። ጨርቅ ማሰሩን ተወ፤ ኮሽም መፈለጉን ግን አልተወም፤ የቀመሰውን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ይዞር ጀመር። ከጉደር መንገድ ያገኘውን አንዱን ጣፋጭ ሥር አስይዞ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተከለው፤ ስንት ልጅ በልቶለታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገድ ሲሰፋ በዶዘር ነቀሉት። ይህን በኋላ ለእህቴ ልጅ ደውዬ ነግሬዋለሁ። "የተገኘ ሁሉ ተጽፎ አይቀመጥም" አልኩት፤ ትንሽ አፈረ።

ደርግ ሲወድቅ በዳዳ ታሰረ። ከተማው ደስ አለው፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። አባቴ ግን እሑድ እሑድ ስንቅ ቋጥሮ ወደ እስር ቤት ይሄድ ጀመር። አሁን በአደባባይ በምንዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ሰው አንሾካሾከበት። አዴ ዲንቄ ደግሞ ሰላምታ ነፈገችን። መንገድ ላይ ስታገኘን ዘንቢሏን ወደ ሌላው እጇ ታዛውርና ፊቷን አዙራ ታልፋለች። አንጀቴን በላኝ። አንድ እሑድ አባቴ ቂጣውን በፎጣ ሲጠቀልል በሩ ላይ ቆሜ ያዝኩት።

"አባዬ፣ የእሷን ልጅ የወሰደው እሱ አይደለም ወይ?"

"ነው" አለ።

"ሌሎቹንስ?"

"ሌሎቹንም።"

"ታዲያ ለምን ነው የምትሄድለት?"

ፎጣውን ቋጥሮ ጨረሰ።

"እኔን አልወሰደኝማ" አለ። "እኔ ይህን ልበላ የምችለው እሱም እሷም አንድ ቀን ስለዋሹልኝ ነው፣ ልጄ። ወደ እሷም ሄጄ ነበር። በሯን አልከፈተችልኝም።"

"እና?"

"እውነቷን ነው" አለና ስንቁን አንጠልጥሎ ወጣ።